ከአባቴ አፍ የማትወጣዋ ቃል

አባቴ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ነው የሚለው። አንድ ጊዜ የጓደኛው ልጅ ሰርግ አለብኝ ብሎ ክራቫቱን አስሮ ወጣና ያልሆነ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ወረደ። እዚያም እንደ አጋጣሚ ሰርግ ነበር። ገባ፣ በላ፣ ጨፈረ፣ ሙሽሮቹን መርቆ አመሻሽ ላይ ተመለሰ። "እንዴት ነበር?" ስንለው "ግሩም ነበር፤ ሙሽራው ብቻ ትንሽ ተለውጦብኛል" አለን። በማግስቱ ጓደኛው ተቀይሞ በራችን ድረስ ቢመጣ "እኔ ሰርግ ሄጃለሁ፤ አንተ ነህ የቀረኸው" አለው። ሰውየው ቆሞ አስቦ አስቦ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ።

የምንሠራው ሶፋ ነው። የሥራ ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ መንገዱን ያያሉ፤ በአንደኛው ግድግዳ ስፖንጅ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ በሌላው ጥቅል ጥቅል ጨርቅ ተደግፏል። ኮላው ይሸታል፤ እኛ ከለመድነው ስለቆየን የሚያስነጥሰው ደንበኛን ብቻ ነው። አባቴ ይለካል፣ ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል፣ ያዛል። አንድ ጊዜ የለካው ሶፋ በደንበኛው በር አልገባ ሲል "ሶፋው ልክ ነው፤ በሩ ነው የጠበበው" ብሎ የሰውየውን መቃን አስነቅሏል። አክስቴ ከመስኮቱ ሥር ባለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ትቆርጣለች። እኔ በመኪና እሰፋለሁ። ጥጤ የምንለው ሠራተኛችን ስፖንጅና ጥጥ ይሞላል፣ ጨርቁን በእንጨቱ ላይ ወጥሮ በምስማር ይመታል፤ ቅንድቡ ላይ ጥጥ ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው ይህን ስም ያገኘው። ከሁላችን ኋላ፣ ሰጋቱራ ውስጥ፣ አናጢው የሶፋውን እንጨት ይቆርጣል፣ ይገጥማል።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባትና ወደ እኛ መጣች፤ እናቴ ስታርፍም እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ አግብቼ ከወጣሁ ወዲህ በመኖሪያ ቤታችን የቀሩት ወንድምና እህት ብቻ ናቸው። እሷ "ወንድም ጋሼ" ትለዋለች፤ እሱ "አንቺ ልጅ" ይላታል፤ ልጅቷ ፀጉሯ ሸብቷል።

ከምሳ በኋላ መኪናዬ ትቆማለች። ያን ሰዓት የሚሠራው ሁሉ የእጅ ነው፦ ማልበስ፣ መወጠር፣ ጠርዙን በመርፌ መጨረስ። እኔ በእጅ መርፌ የሰፋሁትን ሁሉ አክስቴ ስለምትተረትረው አንድ ቀን "አንቺ እባክሽ ተቀመጪና አንብቢልን፤ ለሁላችንም ይሻላል" አለች። ሥራ ፈትቼ የምመሰገንበት ሰዓት ያ ብቻ ነው።

የማነብላቸው የጥንት ዘዋሪ ፈረሰኞችን ታሪክ ነው። አንድ ደንበኛ ለጥገና ባመጣው አሮጌ ሶፋ ሆድ ውስጥ ያገኘነው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ባለቤቱን "ያንተ ነው ወይ?" ብንለው "አንብቤው ቢሆን ሶፋ ውስጥ ይገባ ነበር?" ብሎ ተወልን። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የማይሆን ነገር የለም። ፈረሰኛው የብረት ልብሱን ለብሶ፣ ጦሩን ይዞ፣ ልቡን አንዲት እመቤት ዘንድ ጥሎ ካገር አገር ይዞራል። እመቤቲቱ "ከባሕር ግርጌ የወደቀ ቀለበቴን አምጣልኝ፤ እጅህ ግን እንዳይረጥብ" ትለዋለች። ያመጣል። "ተራራ የሚያክለውን ሰው ሳትነካው አንበርክከው" ትለዋለች። ያንበረክካል።

ምዕራፉ ሲያልቅ እንደ ሸንጎ ድምፅ እንሰጣለን፤ "ይሆናል" ወይስ "አይሆንም"። ፈራጁ አባቴ ነው፤ ለምን እንደሆነ መቼም አይጠየቅም። የተረታው ወገን የዕለቱን ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ይጠርጋል። አክስቴ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ "አይሆንም" ነው የምትለው። ጥጤ ደግሞ ሁሌም አንድ ጥያቄ አለው፦ "ሦስት ቀን ሙሉ በብረት ልብስ ሆኖ ሲዋጋ ሽንቱን የት ነው የሚሸናው? እሱን ካልጻፉልኝ አይሆንም!" አባቴም "አይሆንም" ብሎ ይፈርዳል። አናጢው ብቻ አንድ ቀን እንኳ "አይሆንም" ብሎ አያውቅም። ባሕሩም ይሆናል፣ ተራራውም ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን ሲጠርግ የኖረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀርቶ "ጋሽ ይሆናል" አልነው።

አንድ ቀን ጥጤ "ቆይ ግን፣ ይህን የምትለው ከልብህ ነው?" አለው።

ጋሽ ይሆናል መጥረጊያውን ተደግፎ አሰበ። "እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው" አለ። "ያልሆነለት ፈረሰኛ ስንትና ስንት ነው፤ እሱን ማን ብሎ ይጽፈዋል? የሚጻፈው የሆነለት ነው። አይሆንም የሚባል ነገር አይሆንም የሚባለው አንድ ቀን ለአንድ ሰው እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው።"

"እና ያ ሰው አንተ ነህ?"

"እኔ እንጃ። ለጊዜው እየጠረግኩ ነው።"

ጋሽ ይሆናል አክስቴን እንደሚወድ ያላወቀ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ አክስቴ ብቻ ናት ያላወቀች የምትመስለው። ሁላችንም "አንቺ" ስንላት እሱ "እርስዎ" ነው የሚላት። በየሳምንቱ መዶሻውን ይዞ መጥቶ የመቁረጫ ጠረጴዛዋን እግር ይፈትሻል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ተነቃንቆ አያውቅም። እሷም ጎንበስ ብሎ ሲፈትሽ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ "እንዴት ነው? ይቆማል?" ትለዋለች። "ይቆማል" ብሎ ይሄዳል። በቃ፣ ጨዋታቸው ይኸው ነበር።

የተራራውን ሰውዬ ምዕራፍ በጨረስንበት ቀን እንደ ልማዱ ተረታ፣ እንደ ልማዱ ጠረገ። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሰጋቱራውን ከትከሻው አራግፎ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደ።

"እትዬ" አለ። "ቢያገቡኝ ደስ ይለኛል። ወንድምዎ ባሉበት ልናገር ብዬ ነው።"

ጥጤ በከንፈሩ የያዛቸውን ምስማሮች ሊውጣቸው ምንም አልቀረው። አክስቴ መቀሷን እንደ ከፈተች ሳትዘጋው ቀረች። እኔ ፊቷን አየሁት፤ ደንግጣ ነበር። እሺ ብትል ወንድሟ በዚያ ቤት ብቻውን ሊቀር ነው፤ እምቢ ብትል ደግሞ ይህ ደግ ሰው በሁላችን ፊት ሊያፍር ነው። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየችና መውጫው የተገኘላት መሰለኝ።

"ወንድም ጋሼ 'ተሳስቻለሁ' ያለ ዕለት አገባሃለሁ" አለች።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከሁላችንም በላይ የሳቀው አባቴ ነው። "በሉ እንግዲህ፣ እህቴ ቆማ መቅረቷ ነው!" አለ። ጥጤ ምስማሮቹን እጁ ላይ ተፍቶ "'የማይሆን ነገር ለሚስትህ አትንገር' ሲባል ነበር የማውቀው፤ ለካ ለባልም ይነገራል" አለ።

ጋሽ ይሆናል አልሳቀም። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፍቶ ወደ መጋዙ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ያን መጽሐፍ ከማንም በላይ የሰማ ሰው ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ደግሞ የማይሆን ነገር ማዘዝ እምቢታ አይደለም። እመቤቲቱ የማትፈልገውን ሰው "ሂድልኝ" ነው የምትለው፤ "ቀለበቴን አምጣ" የምትለው ተመልሶ እንዲመጣ የምትሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ "እሺ" አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አባቴን ከእግሩ እስከ ራሱ በቀስታ አየው፤ ከየት በኩል ልውጣው እንደሚል ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ አባቴ ፊት ቆመ። "ጋሼ፣ ዛሬስ?"

"ዛሬስ ምን?"

"ተሳስተዋል?"

"እኔ? ኧረ ገና ነው" አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ እንደ "እንደምን አደሩ" ሆነ። ጋሽ ይሆናል ለራሱ አንድ ሕግ አወጣ፦ ማታለል የለም፣ ወጥመድ ማጥመድ የለም፤ አባቴ በገዛ እጁ ከተሳሳተ ብቻ ይጠየቃል። እኔ "እንዲህማ ከሆነ ዕድሜ ልክህን ትጠብቃለህ" ብለው "ፈረሰኛ በስርቆት አያሸንፍም" አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተውኩት።

አባቴን መያዝ ግን ዓሣን በእጅ መያዝ ነው። "ዛሬ አይዘንብም" ብሎ ስፖንጁን ውጭ አስወጣና ዶፍ ወረደበት። እኛ ስፖንጅ ተሸክመን ስንሯሯጥ እሱ ከበሩ ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆሞ "ይህ የትናንቱ ዝናብ ነው፤ ዘግይቶ ነው የመጣው" አለ። ሌላ ቀን የሶፋ ርዝመት አሳስቶ ለካ። ጋሽ ይሆናል እንጨቱ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም?" አባቴ መነጽሩን አድርጎ ተመለከተ። "ጽሑፉ የኔ ነው" አለ፤ "ቁጥሩ የደንበኛው ነው።" አንድ ጠዋት ደግሞ ሻዩ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመረ። ሁላችንም አይተናል። ጋሽ ይሆናል መሮውን አስቀምጦ ጠበቀ፤ ጥጤ ጠበቀ፤ አክስቴም መቁረጧን አቆመች። አባቴ አንድ ጊዜ ፉት አለ። ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጨልጦ "ዛሬ እንዲህ ነው ያማረኝ" አለ። ያን ቀን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ዋለ።

"አይዞን፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለ ጋሽ ይሆናል።

"እንቁላሉስ ይሄዳል" አለ ጥጤ፤ "የጋሼ ምላስ ናት እግር የሌላት።"

የሚገርመው አባቴ በዚህ ጦርነት አማረበት። ከሁላችን ቀድሞ መግባት ጀመረ፤ እያፏጨ ይለካል፤ ምሳውን ከጋሽ ይሆናል ጋር ካልሆነ አይበላም። ሁለቱ ጎን ለጎን ስፖንጅ ላይ ተቀምጠው አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲክድ ላያቸው የልጅነት ጓደኛሞች ይመስላሉ። እኔም በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴን እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

የተለወጠችው አክስቴ ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ ከእኛ ጋር ትስቅ ነበር። በኋላ ግን አባቴ ሊያዝ ሲል መቀሷን ይዛ ቀጥ ማለት አበዛች፤ ሲያመልጥ ደግሞ ጨርቁን እንደ ጠላት ትቆርጠዋለች። የጨው ሻዩ ቀን ማታ ወደ ቤታቸው ብቅ ብዬ ነበርና እራት ላይ ወንድሟ ላይ ስትጮህ ደረስኩ፦ "ጨው መሆኑን እያወቅህ! ጨው ነው ብትል ምን ይጎድልብሃል?" አባቴ "ጥሩ ጨው ነበር" ብሎ ተነስቶ ተኛ።

ሳህኑን አብረን ስናጥብ "አክስቴ፣ አንቺ ሰውየውን ትወጂዋለሽ" አልኳት።

አንዱን ሳህን ደጋግማ አጠበች። "እወደዋለሁ" አለች። "ያን ቀን አላውቅም ነበር። አሁን ግን ጠዋት 'ዛሬስ?' ብሎ ሲጠይቅ የምፀልየው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪውም? 'ያለ ዕለት' ያልኩህን ቀጠሮ ሰረዝኩት በይው።"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ!" አለችኝ ቆጣ ብላ። "በሁላችሁ ፊት የተናገርኩትን እንደ ዶሮ 'ና ተመለስ' ብዬ ልጠራው? የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ።" ሳህኑን ነጥቃኝ እንደገና አጠበችው፤ እኔ ያጠብኩት ነበር።

እንዲህ እያልን የሆቴሉ ሥራ መጣ። አዲስ የተከፈተ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ባለክንድ ወንበሮች አዘዘን፤ ሥራ አስኪያጇ ጠንቃቃ ሴት ናት፤ አባቴም "እመቤቴ፣ ከዚህ ቤት ስሕተት ወጥቶ አያውቅም" ብሎ አፉን ሞልቶ ነገራት። ጨርቁ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ ነው። ከፋይ ፀጉር አለው፤ ወደ አንድ በኩል ሲዳስሱት ይተኛል፣ ወደ ሌላው ሲዳስሱት ይቆማል። አንዱን ቁራጭ ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል አድርገው ከቆረጡት ብርሃን ሲያርፍበት ሁለት ቀለም ይሆናል። አክስቴ ይህን በእንቅልፏም ታውቀዋለች፤ ነገር ግን በቆረጣው ቀን ትኩሳት ይዟት ቤት ቀረች።

"ምን አለው? እኔ እቆርጠዋለሁ" አለ አባቴ።

ጋሽ ይሆናል ከኋላ ብቅ አለ። "ጋሼ፣ ፀጉሩን ግን—"

"ከፋይ አታውቅም ልትለኝ ነው?"

ቆረጠ። ቁራጩ ለየብቻው ሲሆን ምንም አይታወቅም፤ እኔ ሰፋሁት፣ ጥጤ ሞላው። ሥራ አስኪያጇ ልትረከብ በመጣችበት ጠዋት ወንበሮቹን በመስኮቱ በኩል ደረደርናቸው። አክስቴም ድና ገብታ ነበር። ፀሐይዋ ገባች። ግማሾቹ ወንበሮች ጥቁር አረንጓዴ፣ ግማሾቹ ደግሞ ብርማ ሆነው ቁጭ አሉ።

ሥራ አስኪያጇ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። "ሁለት ዓይነት ቀለም ነው እንዴ ያዘዝኩት?" አለች። "ማነው የተሳሳተው?"

ሁላችንም አባቴን አየነው። አባቴ አንዱን ወንበር በመዳፉ ሽቅብ ዳሰሰው፣ ቀጥሎ ቁልቁል ዳሰሰው። ጆሮው ቀላ። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፣ ምንም ሳይለካበት መልሶ ከተተው። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አፍ መልስ ሳይወጣ ሲቀር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንጀቴን በላው። አክስቴ መቀሷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ጋሽ ይሆናል ዝም ቢል በቃው፤ አንድ ትንፋሽ ቢታገሥ ያቺ ቃል እዚያው ወለሉ ላይ ልትወድቅለት ነው።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ይሆናል።

ከሰጋቱራው ውስጥ ወጥቶ መሀል ቆመ። "ጨርቁን ስገጥም አገለባበጥኩት፣ እመቤቴ። ቁራጮቹ አራት ማዕዘን ናቸው፤ ተፈተው ዞረው ይሰፋሉ። ጨርቁ አልተጎዳም።"

ሴትዮዋ አየችው፤ አባቴን አየችው፤ የተረዳችም መሰለኝ። "እንግዲያው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ" ብላ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ጥጤ ፈነዳ። "አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? በእጅህ ገብቶ ነበር እኮ! ከጉሮሮው ደርሳ ነበር፣ አይቻታለሁ!"

"እኔም አይቻታለሁ" አለ ጋሽ ይሆናል። "እንደ ጥርስ በባዕድ ሰው ፊት ተነቅላ እንድትወጣ አልፈልግም። እንዲያ አድርጌ ካገባኋቸው በየማዕዱ ጋሼን ቀና ብዬ አላያቸውም።"

አሁን ደግሞ ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። ከዚህ በኋላ ድንጋይም ቢሆን ይናገራል ብለን ነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከፋዩ ነው" አለ። "ፋብሪካው አዙሮ ነው የጠቀለለው።"

ጥጤ ስፖንጅ ወረወረ። እኔ "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። በዚህ ሁሉ መሀል አክስቴ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ መቀሷን በሥራ ሰዓት ስታስቀምጥ አይታወቅምና ሁላችንም አየናት። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ጋሽ ይሆናል ፊት ቆመች።

"ተሳስቻለሁ" አለች።

ያቺ ቃል በዚያ ቤት ከልብ ስትነገር የመጀመሪያዋ ነበር። በአባቴ ስንስቅ ስለኖርን ልብ አላልነውም እንጂ፣ ለካ ከአክስቴም አፍ ሰምቻት አላውቅም። ያው አንድ ማኅፀን ነው ያወጣቸው።

"እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አለች። "የጠየቅኸኝ እኔን ነው። መልሱን በገዛ አፌ መስጠት ሲገባኝ ሄጄ በወንድሜ አፍ ላይ ሰቀልኩት። ይኸው አሁን በኔ አፍ፦ አገባሃለሁ።"

ጋሽ ይሆናል ደስ አለው፤ ደስታው ከፊቱ አልፎ እስከ እጁ ታየ፤ የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ነገር ግን ወዲያው ቅንድቡ ተሰበሰበ። "እትዬ... የተሰጠኝ ሥራ ግን አላለቀም እኮ።"

"ምን?"

"'ወንድም ጋሼ ያለ ዕለት' ነበር ያሉት። እሳቸው ደግሞ አላሉም። በመጽሐፉ ላይ ፈረሰኛው ሳይጨርስ—"

"አንተ ሰው!" አለች አክስቴ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "እኔን ነው የምታገባው ወይስ ቀጠሮውን?"

"እርስዎን" አለ ቶሎ ብሎ።

ጥጤ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አባቴ ያን ጊዜ ነው ጋሽ ይሆናልን የታደገው። መጥቶ ትከሻውን ያዘውና "ውሰዳት ወንድሜ፣ ውሰዳት" አለው። "ከኔ ያቺን ቃል ከመጠበቅ እህቴን መውሰድ ይቀልሃል። ይሄ እንኳ ስሕተት የለበትም።" ተቃቅፈው ሳቁ። ያን ቀን መጽሐፍ አልተነበበም።

አመሻሽ ላይ ሁሉም ወጣ። እኔ ከስፖንጁ ክምር ጀርባ ያለውን መስኮት ልዘጋ ሄጄ ስመለስ አባቴን አየሁት። መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አንዱን ወንበር አጋድሞ ስፌቱን በምላጭ እየተረተረ ነው። ልጠራው ስል በሩ ተከፈተና አክስቴ ተመልሳ ገባች። ጋሽ ይሆናልን እስከ መንገዱ ሸኝታው ነው። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

"ብቻህን ልትተረትረው ነው?" አለችው።

"ሥራ ነው።"

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሌላ ወንበር ጎትታ መተርተር ጀመረች። "ሩቅ እኮ አይደለም የምሄደው" አለች። "መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጠረጴዛዬም እዚሁ ነው።"

አባቴ አንድ ረጅም ክር መዘዘ፣ በጣቱ ጠቀለለው። "ያቺን ቃል ማለት ያቃተኝ መሰለሽ?" አለ። "ሁላችሁም ኩራት መሰላችሁ። በፊት በፊት ኩራት ነበር፤ አልዋሽም። አንቺ በኔ አፍ ላይ ከሰቀልሻት ወዲህ ግን ሌላ ነው። ብቻዬን ስሆን እላታለሁ። ምንም አትከብድም። ሰው ፊት ያልኳት ዕለት ግን ትሄጃለሽ። ማታ ስገባ 'መጣህ?' የሚለኝ የለም አልኩ። ጨውም ያጠጣኝ ይህ ፍርሃት ነው፤ ያስዋሸኝም ይኸው ነው።"

አክስቴ ወንበሩን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

"ዛሬ ያ ሰው በኔ ፈንታ መሀል ሲቆም ሳየው..." አለ አባቴ፤ ምላጩን አስቀመጠ። "ስሚኝ እህቴ። ይህን ሁሉ ወር አስሬ ይዤሽ ነበር። እኔ ተሳ—"

አፉን በመዳፏ ከደነችው።

"እንዳትጨርሰው!"

"ለምን?" አለ በጣቶቿ መሀል።

"ሰውዬው በጠዋት የሚነሳው 'ዛሬስ?' ሊልህ ነው። እኔን አግኝቷል፤ ያቺን ቃል ደግሞ አንተ ዛሬውኑ ከሰጠኸው ነገ ምን ብሎ ይመጣል? አንተስ ምን ብለህ ትጠብቀዋለህ?"

አባቴ በእጇ ውስጥ ሳቀ፤ እንባው ግን በጣቶቿ ላይ ወረደ። እኔም ስፖንጁን ታቅፌ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የከፋዩን ቁራጭ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ቁልቁል ዳሰሰችው። "ፀጉሩ በዚህ በኩል ነው፤ እዚህ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ" አለችው። አባቴ ጠመኔውን አነሳና ምንም ሳይከራከር፣ ባሳየችው ቦታ ላይ ምልክት አደረገ።